አስተርጓሚዋ የአክስት ልጅ

የብርጓል ከቤይሩት ስትመለስ አባቷ በግ አርደው፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» እያለ በትውልድ ከተማዋ አምበር ተቀበላት። ዓመት ሳይሞላ ሙላትን አገባች። ሙላት አራሽ ገበሬ ነው፤ ቁጥብ፣ ቃሉን የሚያከብር፣ እናቱን የሚፈራ። በሰርጉ ቀን ከሁሉ ቀድማ እስክስታ የወረደችው ሂዊ ነበረች። ሂዊ የአክስቷ ልጅ ናት፤ ቤይሩት ድረስ መንገዱን ያሳየቻት፣ እዚያም ዐረብኛውን እየፈታች ያስለመደቻት እሷ ነች። የብርጓል የእናቷን ልጅ ያህል ትወዳታለች።

ልጅ አልመጣም። የመጀመሪያውን ዓመት ሰው ዝም አለ። በሁለተኛው ዓይን ሁሉ ሆዷ ላይ አረፈ። በሦስተኛው የሙላት እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጄ ከዐረብ አገር የተረፈውን አገባ» አሉ። የብርጓል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለፈች። በየወሩ የሚመጣው ደሟም ቀድሞ እንደምታውቀው አልነበረም፤ ይበረታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ካልጋ ያውላታል። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ማስታገሻ ሰጥተው መለሷት። ሌላው ሰው ሁሉ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ።

ጸበል የወሰደቻት ሂዊ ነበረች። ሂዊም ለሰርጉ ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ሉማሜ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍታለች። ሥራዋን ዘግታ ከየብርጓል ጋር ሱባኤ ያዘች፤ በብርድ አብራት ተጠመቀች፣ አብራት አለቀሰች። «አይዞሽ እታለም፣ እግዜር ሲሰጥ ቀን አይቆጥርም» ትላታለች፤ የብርጓልም እጇን ይዛ ትበረታለች።

በአምስተኛው ዓመት ሙላት ሽማግሌ ሰበሰበ። ሳይሰድብ፣ ሳያዋርድ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ፈታት። ሌላ አገባ፤ ወለደም። የብርጓል ደብረ ማርቆስ ገብታ ከአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆነች።

አንድ ቀን እርጥብ አንሶላ ስታነሣ ሆዷን ወጋትና ወደቀች። ባልደረባዋ ደግፋ ቅርብ ካለ ክሊኒክ አደረሰቻት። ሐኪሟ ዶክተር ሕሊና የምትባል ወጣት ናት። ሆዷን በአልትራሳውንድ እያየች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣

«ሉፑን መቼ ነው ያስገባሽው?» አለቻት።

«ምን ሉፕ?»

«ከማኅፀን የሚቀመጠው መከላከያ ነዋ። ይኸው፣ ይታያል እኮ። ቦታውን ለቆ ነው የሚያምሽ።»

«ዶክተር፣ እኔ ልጅ ፍለጋ ትዳሬን ያጣሁ ሰው ነኝ። መከላከያ አላውቅም።»

ዶክተር ሕሊና እጇ ላይ ያለውን አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ አስታውሺ፤ ሐኪም ነክቶሽ ያውቃል? ሌላ አገር ኖረሻል?»

የብርጓል አስታወሰች። ቤይሩት በገባች ሰሞን ማዳሟ ክሊኒክ ወስዳታለች። ቋንቋ ስለማታውቅ፣ የማዳሟ እኅት ቤት የምትሠራው ሂዊ ልታስተረጉም አብራ መጣች። ሐኪሙ በዐረብኛ ብዙ ተናገረ፤ ማዳሟም መለሰች። የብርጓል ከአልጋው ላይ ሆና «ምን እያሉ ነው?» ስትል፣ ሂዊ «ምርመራ ነው፤ ለሠራተኛ ሁሉ ያደርጉታል። ትንሽ ያምሻል፣ ቻይው» አለቻት። አመማት፤ ቻለችው።

ሉፑ በዚያው ሳምንት ወጣላት። ዶክተር ሕሊና «መውለድ ትችያለሽ፤ የተበላሸ ነገር አላየሁም» ስትላት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ከጸበሉ ዳር አብራት የምታለቅሰውን ሂዊን ነበር የምታስበው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ይህኛው ጥሎ ሲያበቃ ቆሞ አብሮ አልቅሷል።

ሉማሜ ወረደች። ሂዊ ብርጭቆ እያጠበች ሳለ አየቻትና፣ «የብሬ!» ብላ ልትስማት መጣች። የብርጓል እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

«ቤይሩት፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

ሂዊ ደንበኞቿን ዘወር ብላ አየችና ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ማዳምሽ ናት ያዘዘችው። ጎረምሳ ልጅ ነበራት፤ ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅ አርግዛ ነው ያባረሯት። ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ፤ እምቢ ብትዪ ሁለታችንንም ያባርሩናል። ለአንቺም መከታ ይሆናል ብዬ...»

«እሺ፤ እዚያ ፈራሽ። እዚህስ? ሰርጌ ላይ ስትጨፍሪ? ጸበል ስትወስጂኝስ? አንድ ቃል እኮ ነበር ሂዊ። ‹አስወጪው› ብትዪኝ ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ነበር።»

«በኋላማ አፈርኩ። በዘገየ ቁጥር መናገሩ ከበደኝ።»

«እንግዲያው እሑድ አምበር ነዪ፤ ለወይዘሮ ወለተ ሰንበት በአፍሽ ንገሪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሂዊ እያለቀሰች «እመጣለሁ፣ እማምላክን» ብላ ማለች።

እሑድ የብርጓል አምበር መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀች። አውቶቡስ መጣ፣ ሚኒባስ መጣ፤ ሂዊ የለችም። ስልኳም ዝግ ነው። ብቻዋን ገባች።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት እስከ መጨረሻው ሰሟትና፣ «ከገላሽ ገብቶ እንዴት ሳታውቂ ቀረሽ አንቺ ልጅ?» አሏት።

«ቋንቋውን አላውቅም ነበር እማማ። የሚያውቅ ዘመድ አመንኩ። እርስዎስ ቢሆኑ ማንን ያምኑ ነበር?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ። ሙላት ግን ከበሩ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። እስከ መንገዱ ሸኛት። ከቤቱ ራቅ ሲሉ፣

«ሂዊ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አላት።

«ታውቅ ነበር።»

«እኔን እኮ ‹ይህች ልጅ አትወልድም፣ ሐኪም ነግሮኛል፤ ዕድሜህን አትፍጅ› ያለችኝ እሷ ናት። በሳምንቱ ነው ሽማግሌ የሰበሰብኩት።»

የብርጓል ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ድረስ ሂዊ የፈራች ሰው ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነችባት። ትዳሩ ከፈረሰ ማንም ምርመራ አይሄድም፤ ማንም አይጠይቅም፤ የሂዊም ምስጢር አይወጣም። ሙላት «ይቅር በይኝ» አለ። «አንተንስ ይቅር ብያለሁ» አለችውና በመጣው መኪና ተሳፈረች።

ፋሲካ ሲቃረብ የሂዊ እናት አማላጅ ላኩ። የብርጓል ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናገደች፤ አጉርሳ፣ አጠጥታ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ «አባቶቼ፣ እርቅ አልጠላም። ያደረገችውን እዚህ መጥታ በአፏ ትናገረው፤ እናንተም ስሙ። ያኔ እታረቃለሁ» አለቻቸው።

መልእክቱን ይዘው ሄዱ። ሂዊ አልመጣችም፤ ሽማግሌዎቹም ዳግመኛ አልተመለሱም።