ቤት የመሰለው ዕቃ ቤት

በላውንደሪ ቤቱ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ባለቤቲቱም፣ ደንበኛውም፣ ከጎን ያለው ጫማ ሰሪም «ካውያ» ነው የሚሉት። እሱም ለምዶታል፤ አንድ ቀን ድንገት በስሙ ቢጠሩት ማንን ነው ብሎ ዞር ዞር ሳይል አይቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሲተኩስ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? እሱ ያወጣውን የሱሪ መስመር ያየ ሰው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስለዋል። ኮስታራ ነው ይሉታል። ውሸት ነው፤ በእንፋሎት መካከል ዓይኑን አጥብቦ ማየት ስለለመደ ነው እንጂ እንደሱ ያለ ሆደ ቡቡ በአካባቢው አይገኝም። አንድ አመል ግን አለበት። የተጨማደደ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠ የማያውቀውን ሰው ኮሌታ እጁን ሰድዶ ያስተካከለበት ጊዜ አለ፤ ሰውዬው ሌባ ኪሱ የገባበት መስሎት ሊጮህ ምንም አልቀረው።

ይኸው አመሉ ልጆቹን ቤት ሊያሳጣቸው ጥቂት ነበር የቀረው።

ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል። ከእሷ ሕመም በኋላ እጁ ላይ የቀሩት ሁለት ሴት ልጆችና አንድ የተከራየው ክፍል ነበሩ። ክፍሉንም አከራዩ «ልጄ አግብቶ ሊገባበት ነው» ብለው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ቤት ጥቂት ሳምንት፣ ጓደኛ ቤት ጥቂት ሳምንት ሲሉ ቆዩ። የሰው ፊት እየገረፋቸው ሲመጣ የላውንደሪዋ ባለቤት «በቃ፣ እስክታገኝ ድረስ ከኋላ ያለው ዕቃ ቤት እደሩ» አለችው። ደግ ሴት ናት፤ ይህን ማንም ሊነፍጋት አይገባም። ደግነቷ ግን ሰዓት ነበረው። ሱቁ ሳይከፈት ፍራሹ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው ጀርባ መግባት፣ የደንበኞች ልብስ የታሰረባቸው ከረጢቶች ወደ ቦታቸው መመለስ፣ ልጆቹም መውጣት አለባቸው።

ስለዚህ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ። ልጆቹ በልብስ ማጠቢያው ገንዳ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ትልቋ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ የትንሿን ፀጉር ትሠራለች፤ እሱ ዩኒፎርማቸውን ይተኩሳል። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄደው ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። በነዚያ ስምንት ወራት በዩኒፎርማቸው ላይ አንድ የተጨማደደ ቦታ ያየ የለም። ስለ ማደሪያቸውም ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ አባታቸው «ሆድ ይፍጀው» ብሏቸዋል።

የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ደግሞ ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት። አንድ ቀን በጠዋት ሰልፍ ላይ ሁለቱን እህትማማቾች ከፊት አቆመቻቸው። «ተመልከቱ! በሰዓቱ መምጣት ማለት እንዲህ ነው፤ ንጽሕና ማለት እንዲህ ነው። እነዚህ ልጆች ከምን ዓይነት ቤት እንደሚወጡ ልብሳቸው ይናገራል» አለች። ትንሿ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ይህን ስትነግረው ካውያ መጀመሪያ ደረቱ ተነፋ፤ ቀጥሎ ሆዱ ባባ፤ ከዚያ የትንሿን ቀሚስ እንደገና ተኮሰ።

በዚያው ሰሞን ነገሩ ሁሉ በአንድ ላይ መጣ። ባለቤቲቱ ትልቅ የማጠቢያ ማሽን ገዛች፤ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የሚቆመው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። «ካውያ፣ አንተም ታየዋለህ፤ ሌላ ቦታ የለኝም» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ። የልጆቹ አክስት ይህን ስትሰማ ከሌላ ከተማ ደወለችና ትልቋን እንደምትወስድ ነገረችው። ትልቋን ብቻ። «ሱቅ ውስጥ ታግዘኛለች። ትምህርቱ ይደርሳል፤ ለጊዜው ይቅርባት» አለች። ትንሿስ? ትንሿ ከአባቷ ጋር እንደሚሆን ይሆናል። ሁለቱ ልጆች ደግሞ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን ተለያይተው አድረው አያውቁም።

ትልቋ ይህን ሁሉ ሰማች። በማግስቱ ደብተሯን ገልጣ ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የገለበጠችውን አነበበችለት። መኖሪያ ለሌላቸውና ተማሪ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የወረዳው ጽሕፈት ቤት የቤት ኪራይ ድጋፍ ይሰጣል ይላል። ለአንድ ዓመት ከኪራዩ አብዛኛውን ጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ ለአከራዩ ይከፍላል፤ የቀረውን ቤተሰቡ ይሸፍናል። ዓላማው ልጆቹ በቤት እጦት ከትምህርታቸው እንዳይቀሩ ነው። ምዝገባው በወሩ ውስጥ ይዘጋል።

«አባዬ፣ ይሄ እኛን ነው» አለችው።

«እኛን ነው እንዴ?» አለ ካውያ፣ ለሌላ ሰው የመጣ ደብዳቤ በስሕተት የተሰጠው ይመስል።

ሄዶ ተመዘገበ። ማክሰኞ ዕለት ሠራተኛ መጥታ የሚኖሩበትን ቦታ እንደምታይ ነገሩት።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ካውያ ከባለቤቲቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምኖ ዕቃ ቤቱን ማሰናዳት ጀመረ። ፍራሹን ዘረጋ፤ አንሶላውን ተኩሶ አነጠፈ፤ የትራስ ልብሱን ተኮሰ። አንድ ደንበኛ ረስቶት የሄደ መጋረጃ ነበር፤ እሱንም ተኩሶ የከረጢቶቹን መደርደሪያ ሸፈነበት። የልጆቹን መጻሕፍት በቁመታቸው ደረደረ። ከባለቤቲቱ ባንኮኒ ላይ የላስቲክ አበባ ተውሶ ሳጥን ላይ አስቀመጠ። ሳጥኑንም ጨርቅ አለበሰው፤ ጨርቁ መተኮሱን መናገር አያስፈልግም።

ትልቋ ለምሳ መጥታ በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች። «አባዬ፣ ሴትዮዋ እኮ የምትመጣው ቤት እንደሌለን ልታይ ነው!»

«ታዲያ ቤት ስለሌለን እንግዳ በተዝረከረከ ቦታ እንቀበል?» ብሎ ተቆጣት።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ፋይሏን በብብቷ ይዛ መጣች። ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና «እንዴት ደስ ይላል!» አለች። ካውያ በእጁ ጠራርጎ ወንበር አቀረበላት። «ኑሮ እንዴት ነው፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

ሰው ኑሮ እንዴት ነው ሲባል ምን ይመልሳል? ካውያም ዕድሜ ልኩን የመለሰውን መለሰ። «ተመስገን ነው፤ ምንም አልጎደለብንም።»

ጻፈችው። ይህንኑ፣ እንደወረደ።

ሐሙስ ዕለት ድጋፍ የተፈቀደላቸው ዝርዝር ጽሕፈት ቤቱ ላይ ተለጠፈ፤ ካውያ የለበትም። ለምን ብሎ ሲጠይቅ መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ከፋይሉ አነበበለት። ንጹሕና የተሟላ መጠለያ አለው፤ አመልካቹም ምንም እንዳልጎደለው በራሱ አንደበት አረጋግጧል። ካውያ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ምን ብሎ ይከራከር? ብሏላ! በገዛ እጁ፣ በገዛ ካውያው ልጁን ከእህቷ ሊለያት ነው። ሰውዬው ፊቱን አይቶ አዘነለት። «ቤት እንደሌላችሁ የሚመሰክር ደብዳቤ እስከ ነገ ከትምህርት ቤቱ ካመጡ እንደገና ይታያል» አለው።

ከትምህርት ቤቱ ማለት ከምክትሏ ነው። ልብሳቸው ይናገራል ካለችው ሴት።

ዓርብ ጠዋት ካውያ ዘዴ ዘየደ። ያጣ ሰው መምሰል አለብኝ ብሎ ሸሚዙን በእጁ ጨምድዶ፣ ጭራሽ ተቀምጦበት፣ ለበሰውና ወጣ። ግማሽ መንገድ ድረስ ሄደ። በየሱቁ መስታወት ራሱን ባየ ቁጥር ገላውን የሚበላው መሰለው። በመጨረሻ አልቻለም፤ እየሮጠ ተመልሶ ሸሚዙን ተኮሰና እንደገና ወጣ። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር።

ምክትሏ ስታየው ፊቷ በራ። «ኦ! የእነዚያ የቆንጆዎቹ አባት! ይግቡ፣ ይግቡ። እንዲያውም ላስጠራዎት ነበር። የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጅ በሥርዓት ስለማሳደግ ትንሽ ንግግር ቢያደርጉልን…»

«ቲቸር።»

«አጭርም ቢሆን ችግር የለውም፤ ዋናው…»

«ቲቸር፣ ቤት የለንም።»

ስምንት ወር አምቆ የያዘው ነገር ነው፤ ሲወጣ ሁለት ቃል ሆነ። ምክትሏ ፈገግታዋን ከፊቷ ሳታወርድ «አልገባኝም» አለች። ካውያ ነገራት። ስለ ዕቃ ቤቱ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለሚመጣው ማሽን፣ ስለ አክስቲቱ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። «ቀድመው የሚመጡት መሄጃ ስለሌላቸው ነው» አለ። ወዲያው ልጆቹን ያማ መሰለውና «ጎበዞችስ ጎበዞች ናቸው» ብሎ ጨመረ።

ሴትዮዋ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፤ ከዚያ ሆኖ የግቢው በር ይታያል። «እኔ እኮ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በየጠዋቱ አያቸው ነበር» አለች። «እያየሁ አመሰግናቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።» መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

ደብዳቤውን ራሷ ጻፈች፤ ማኅተም አሳረፈችበት፤ ለመልእክተኛም አልሰጠችም። ቦርሳዋን አንግታ አብራው ወጣች። ጽሕፈት ቤቱ ሲደርሱ ወጣቷ ሠራተኛ ካውያን አይታ፣ ደብዳቤውንም አንብባ፣ ራሷን ያዘች። «ጋሼ! እኔ እኮ ከራሴ ቤት የተሻለ ቤት ነው ያየሁት!» አለች። ሦስቱም ሳቁ፤ ካውያ እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሰኞ ማለዳ ሱቁ ሳይከፈት እመጣለሁ» አለችው ሠራተኛዋ። «በሞቴ፣ ምንም ነገር እንዳይተኩሱ።»

ሰኞ ማለዳ መጣች። ትልቋ ፍራሹን ስትጠቀልል፣ ካውያ የደንበኞቹን ከረጢት ሲያመላልስ፣ ትንሿ አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወስዷት አየች። ስለ ኑሮ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ካልሲ ለትንሿ አጠለቀችላትና ወረቀቱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ሞላች።

ማሽኑ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ቤት ተገኘ። አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮት አላት፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አላት። አከራይዋ አሮጊት መጀመሪያ «ሁለት ልጅ? ይንጫጩብኛል» ብለው አንገራግረው ነበር፤ ኪራዩ በየወሩ ከጽሕፈት ቤቱ እንደሚመጣ ሲሰሙ ግን ልጅ መውደድ ጀመሩ። የገቡ ዕለት ትንሿ በሩን ከውስጥ ቆልፋ አባቷን «ማነው?» አለችው፤ «እኔ ነኝ» አለ፤ «እኔ ማን?» አለች። ዕቃ እንደተሸከመ አሥር ጊዜ ያህል ጠየቀችው። አልተቆጣም።

ካውያ ምስጋናውን የሚያደርስበት ጠፋው። ለሠራተኛዋ «ዕድሜ ልክሽን ልብስሽን በነፃ እተኩስልሻለሁ» ቢላት ደንቡ አይፈቅድም አለችው፤ ምን ዓይነት ደንብ ነው ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። ለላውንደሪዋ ባለቤት «እትዬ፣ ስምንት ወር ልጆቼን ከብርድ አድነውልኛል፤ ውለታዎን አልረሳም» አላት። «ሂድ ወደ ሥራህ!» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ማልቀሷ ነበር። ምክትሏን ሲያገኛት ደግሞ እጅ ነሥቶ ብቻ ተመለሰ። እሷም ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እየቆመች የሚገቡትን ልጆች አንድ በአንድ የት እንዳደሩ ትጠይቅ ጀመር።

አዲሱ ቤት በገቡ በአራተኛው ቀን የላውንደሪው ስልክ ጮኸ። ምክትሏ ነበረች።

«ልጆችዎ ዛሬ አርፍደው መጡ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ቁጣ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። «ሁለቱም! እነሱ እኮ አርፍደው አያውቁም። ምን ሆናችሁ? ቤቱን ምን አገኘው?»

«ኧረ ምንም አልሆንንም፣ ቲቸር። ተኝተው ነው።»

«አሟቸው?»

«ኧረ እንቅልፍ ነው!» አለ ካውያ። አዲሱ ማሽን ስለሚጮህ እሱም ይጮኻል፤ ደንበኞች ዞረው አዩት። «ትልቋን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ማንም ቀስቅሷት አያውቅም። እኔንም የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ዛሬ ብነሳ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ደርሳለች፤ እሷ እግሯን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ እህቷን አቅፋ ተኝታለች። ልቀሰቅሳት እጄን ሰደድኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቲቸር፤ እኔን ይቅጡኝ።»

ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«መዝገቡ ላይ ያረፈዱበትን ምክንያት መጻፍ አለብኝ» አለች ምክትሏ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»



«ቤታቸው ተኝተው ነው ብለው ይጻፉልኝ» አላት።

«ቤታቸው… ተኝተው…» እያለች ቀስ ብላ ስትጽፍ ይሰማዋል። ጽፋ እስክትጨርስ ድረስ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።