እኔ የከፈትኩት ጣና

ጣና አልሄደም ትላላችሁ አይደል? ወረታ ሻይ ጠጥቶ ተመልሶ ነው የሚያወራው ትላላችሁ። እንግዲያው ኑና ቁርጭምጭሚቴን እዩት። ይኸ ጥቁር ነጥብ የአልቅት ንክሻ ነው። ደብረ ታቦር ላይ አልቅት የት አለ? በዚህ ብርድ አንድ አልቅት ቢመጣ እንኳ ደሜን ትቶ ጋቢዬን ነበር የሚወስደው። ክረምት በገባ ቁጥር ነጥቡ ያሳክከኛል። ሳከው ያ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፣ የዚያች ልጅ ክብደትም ትከሻዬ ላይ።

የእህቴ ልጅ ናት። ያኔ የፊት ጥርሷ ገና አልወለቀም። እኔ እንደ ዛሬው ባጃጅ እነዳለሁ፤ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት እመልሳታለሁ፣ ተሳፋሪ ስጭን ደግሞ ከጎኔ ተለጥፋ "ወራጅ አለ?" ትላለች። እናንተው ራሳችሁ ባጃጅ ተራው ላይ ረዳትህ መጣች ትሉኝ አልነበር?

አባቷ መምህር ነው። ከደቡብ ተመድቦ መጥቶ እህቴን አገባ። የሚያስተምረው ካርታ ነው። እኔ ደግሞ ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ በሰላም የተለያየሁ ሰው ነኝ። እሱ ሲናገር ቤቱ ዝም ይላል፣ እኔ ስናገር ቤቱ ይስቃል። በዚያ ጥቅምት ወደ ሐዋሳ ዝውውር ደረሰውና እቃ ስንሸክፍ ልጅቱን ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

"እዚያ ሐይቅ አለ። ጠዋት ተነስተሽ ታይዋለሽ።"

"እዚህስ?"

"እዚህ ምን አለ የኔ ልጅ? ብርድና ዳገት።"

እኔ አልጋ እያሰርኩ ነበር። ገመዱን ለቀቅኩት። "ጋሼ፣ ጣናስ?"

"ጣና የባሕር ዳር ነው።"

"የፎገራው ዳርቻስ? እሱም ማታ ማታ ባሕር ዳር ሄዶ ነው የሚያድር?"

"ለመሆኑ አይተኸው ታውቃለህ?" አለኝ።

አላየሁትም። ግን ለካርታ አስተማሪ አላየሁም ይባላል? "በእጄ ነክቼዋለሁ" አልኩት። እህቴ ሳቀች። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ወደ አባቷ ዞራ "ውሸቱን ነው?" አለችው። እኔን አልጠየቀችኝም፣ እሱን። አጎቴ ውሸታም ነው፣ አገሬም ባዶ ነው ብላ ልትሄድ? ሞቼ ነው።

የጭነት መኪናው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጠዋት እህቴን "ከተማውን ላዙራትና ላሰናብታት" አልኳት። ጋቢ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አዞርኳትም፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ነው እንጂ።

ባጃጅ ከከተማ ውጭ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ለእኔ አትንገሩኝ። ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተደባለቀ፣ እሷ በጋቢው ውስጥ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። ዓለም በር ከተማ ላይ ትራፊክ አስቆመን። "ወዴት ነው?" አለ። እኔ ውሸት ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

"ሐይቃችንን ልናይ።"

"ሐይቅ አላችሁ እንዴ?"

"አጎቴ አለን ብሏል። አባዬ የለንም ብሏል።"

ትራፊኩ እኔን አየኝ፣ ባጃጄን አየ፣ እሷን አየ። "እንግዲህ ሂዱና አጣሩ" ብሎ እጁን አነሳ። ተመርቀን ወረድን።

እየወረድን በሄድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ መጣ። ጋቢው ወለቀ፣ ሹራቡ ወለቀ፣ ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። ሩዙ ቢጫ ሆኗል፣ በየማሳው መሀል ውሃ ያንጸባርቃል። "ይኸ ነው?" ትላለች። "ይኸ ልጁ ነው፣ እናቱ ወደፊት ናት" እላታለሁ። ከወረታ አልፈን ወደ ጭቃው መንገድ ታጠፍን፣ የውሃ ሽታ መጣ፣ ልቤ በኩራት አበጠ፣ ደረስን።

ሐይቅ የለም።

እስከ ዓይን ማብቂያ አረንጓዴ ነው። ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ። እምቦጭ። በሬዲዮ ሰምቼ ነበር፤ ግን ሐይቅ ይሸፍናል ሲሉ እኔ እንደ ሻሽ መስሎኝ ነበር።

"አጎቴ፣ ሣር ነው" አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችኝ፣ እንዳታሳፍረኝ።

ያን ቀን የእምቦጭ ነቀላ ነበር። ገበሬው ሁሉ ወጥቶ ተሰልፎ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። አንድ ሽማግሌ እስከ ጭናቸው ሰጥመው ቀና አሉ።

"ምን ጠፍቶህ ነው ጎረምሳው?"

"ጣና ነው አባቴ።"

"ከሥሩ ነው ያለው። ና ግባ።"

ሱሪዬን ጠቀለልኩ፣ ልጅቱን አንገቴ ላይ አወጣሁ፣ ገባሁ። አንዱን ጨብጬ ብጎትት ቅጠሉ እጄ ላይ ቀረ። "ፀጉሩን ተውና ሥሩን ያዝ፣ የከተማ ልጅ" አሉኝ። ሥሩ እንደ ረጠበ በግ ይከብዳል። እሷ ከላይ ሆና ትቆጥራለች። "አጎቴ፣ እሳቸው ብዙ ነቀሉ። አንተ ትንሽ።" ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

"ይችን ልጅ ፀሐይ ላይ የምታንገላታት ለምንድን ነው?" አሉ ሽማግሌው።

ነገርኳቸው። ነገ እንደምትሄድ፣ አባቷ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን። እሳቸው ወደ ሰልፉ ዞረው "እስቲ ሁላችሁም ወደዚህ" አሉ። ሰልፉ ፈርሶ መጣ። ወንዱ ይነቅላል፣ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ወደ ደረቁ ይጥላሉ። እኔም ክንዴ እስኪዝል ሳብኩ።

ፀሐይ ዘወር ስትል አንድ አውድማ የሚያክል ውሃ ተከፈተ። መጀመሪያ ደፍርሶ ነበር። ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። ሲጠራ ሰማዩ ገባበት። ጠርዙ ላይ አወረድኳትና እግሯን ነከረች።

"ትንሽ ናት" አለች።

"የቀረው ተሸፍኖ ነው።"

"ነገ እንንቀለዋ።"

ጋቢዋን አልብሼ ባጃጁ ላይ ጫንኳት።

ቤት ስንደርስ አባቷ በር ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ጠቁሯል። "አባዬ፣ አለን፣ እምቦጭ ለብሶ ነው" አለችው። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሊሰድበኝ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ተወውና ውሃ አምጥቶ እግሯን በእጁ አጠበላት። በማግስቱ ሄዱ።

አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። በዓል ሲሆን ትደውላለች፣ አነጋገሯ የዚያ አገር ሆኗል። በቀደም እለት "አጎቴ፣ እውነት ሄደን ነበር? ወይስ አንተ ስትነግረኝ ነው እንደዚህ የሚታየኝ?" አለችኝ። ቀልጄ አለፍኩት። ስልኩ ሲዘጋ ግን ተራዬ ደርሶ ተሳፋሪ ሲጠራኝ አልሰማሁም፤ አይታችሁኛል።

ስለዚህ ከኔ ጋር አትጨቃጨቁ። ውረዱ። ወረታን እለፉ፣ ሩዙን አቋርጡ፣ ያን ቀን ነቀላ የወጣውን ገበሬ ሁሉ ጠይቁ፤ ልጅ አንገቱ ላይ አድርጎ የነቀለው ማነው በሏቸው። የከፈትነውን ቦታ አታገኙትም፣ በሳምንቱ ተዘግቷል አሉ። ሰዎቹ ግን አሉ። ሲነግሯችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱልኝ። ለኔ አይደለም፣ እኔማ ነበርኩ። ለሷ ነው።