የእትዬ በለጡ ሽሮ ናይሮቢ ሲገባ

ከኮልፌ ልወጣ በዋዜማው ማታ እማዬ እራቱን ከፊቴ አስቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ከአንዱ ጠርዝ ቆርሳ አጣቅሳ ጎረሰች፤ ዋጠች፤ ከዚያ "በል አሁን ብላ" አለችኝ። ይሄ የእናትነት ነገር እንዳይመስላችሁ። የእስር ቤት በር ያስተማረን ነው። እስረኛ የሚጠይቅ ሰው ያመጣውን ምግብ ፖሊሱ ፊት ቀምሶ ካላሳየ አይገባለትም። እማዬ ዓመታት ሙሉ እዚያ በር ላይ ወጡንም ሻዩንም ስትቀምስ ኖራለች፤ አንድ ቀንማ ያልተላጠ ብርቱካን "ቅመሺ" ተብላ ከነልጣጩ ገምጣለች። እኔ ተፈታሁ፣ ልማዱ ግን አልፈታንም። እሷ ካልቀመሰች እጄን አልዘረጋም።

ስሜ ታደለ ነው። እባካችሁ አትሳቁ። ይህን የምጽፈው ለኮልፌ ልጆችና እንደኔ ሞያሌን ተሻግራችሁ እዚህ ለምትንከራተቱ ወገኖቼ ነው፤ "ምን ሆኖ ሄደ?" የሚለውን ወሬ ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራላችሁ እኔው ላበላሸው ብዬ ነው።

ያሳሰረኝ ጃኬት ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ 18 ማዞሪያ አንድ ሱቅ ተዘረፈ፤ ባለሱቁም ክፉኛ ተደበደበ። ሌባው ሲሮጥ ያዩት በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ነበሩ። "ጀርባው ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ያለው ብርቱካናማ ጃኬት ለብሷል። የጎረቤቴ ልጅ ታደለ ነው፤ ፊቱንም አይቻለሁ" ብለው ለፖሊስም ለዳኛም መሰከሩ። ጃኬቱስ እውነት አለኝ፤ እማዬ ከሰልባጅ ነጋዴ የገዛችልኝ ነው። ከዚያው የልብስ ቦንዳ ተመሳሳይ ጃኬት ወጥቶ አስኮ የሚኖር ሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ ግን ማንም ለማጣራት አልደከመም።

ጥፋተኛ ከተባልኩ በኋላ ዳኛው "የቅጣት ማቅለያ አለህ?" አሉኝ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልሰረቅኩም።"

"እሱ አልፏል። ተጸጽተሃል ወይ?"

"ያላደረግኩትን ምን ብዬ ልጸጸት?"

ማቅለያ የለውም ተብሎ ረጅሙን ፈረዱብኝ። ከዓመታት በኋላ የአስኮው ሰውዬ በሌላ ጉዳይ ተይዞ "የ18 ማዞሪያውንም የሠራሁት እኔ ነኝ" ብሎ አመነ፤ አልቅሶም ተጸጸተ። ማመኑም ልቅሶውም ተቆጥሮለት ከኔ ባነሰ ቅጣት ተገላገለ። ይህን የሰሙ የክፍሌ እስረኞች "ምናለ አንተም ሰርቀህ ቢሆን! ይሄኔ ቤትህ ነበርክ" ብለው በሳቅ ሞቱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ያለቀስኩት በኋላ ነው።

በሰውዬው ቃል ነጻ ተብዬ ስፈታ በማስረጃነት ተይዞ የነበረውን ጃኬት መለሱልኝ። "ፈርመህ ውሰድ" አለኝ ሠራተኛው።

"ይቅርታስ?" አልኩት።

ዘወር ብሎ የመደርደሪያውን ዕቃ ሁሉ በዓይኑ ቃኘና "እሱ እዚህ ክፍል አይሰጥም" አለኝ። ሰውዬው የምሩን ነበር።

ሰፈር "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ብሎ ተቀበለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቁም ሳጥኑን ቆለፈ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ቦርሳዋን ታቅፋ ትሄዳለች። ድሮ ብየዳ የምሠራበት ቤት ባለቤት "ንጹህ መሆንህን እኔ አውቃለሁ፤ ደንበኞቼ ናቸው የማያውቁት" አሉኝ። "ይንገሯቸዋ" ብላቸው "ለስንቱ ልንገር ልጄ?" ብለው ሻይ ጋበዙኝ።

እትዬ በለጡም ጭንቅ ላይ ናቸው። የነፍስ አባታቸው "ከበደልሽው ልጅ ሳትታረቂ አላቆርብሽም" ብለዋቸው ሽማግሌ ላኩብኝ። እኔ ደግሞ "መጀመሪያ ተሳስቻለሁ ይበሉኝ" አልኩ። "ያየሁትን ነው የተናገርኩት" አሉ። ሽማግሌዎቹ በሁለት በር እየተመላለሱ ጫማቸውን ጨረሱ። እሳቸው የኔን አንዲት ቃል ይፈልጋሉ፣ እኔም የሳቸውን፤ ሁለታችንም ንፉግ ሆንን። በግድግዳው በኩል ሳላቸውን እየሰማሁ መኖር ሲሰለቸኝ ጓዜን ሸክፌ ተነሳሁ።

ሞያሌ ላይ የኬንያው የድንበር መኮንን "ታስረህ ታውቃለህ?" አለኝ። መንገደኛው ሁሉ "አላውቅም በል" ብሎ መክሮኛል። እኔ ግን አፌ አልታዘዘኝም።

"አዎ፣ በስህተት።"

"በማን ስህተት?"

"በጃኬት።"

የሌሊቱ ጉዞ ብርድ ስለነበር ጃኬቱን ለብሼዋለሁ። "በዚህ?" አለ፤ ከመቀመጫው ተነስቶ ዞር አስደርጎ ጀርባዬን አየ፤ ለጓደኛውም ጠርቶ አሳየው። ከዚያ ማኅተሙን መታና "ፖሌ" አለኝ። ፖሌ ማለት "አይዞህ፣ ያሳዝናል" እንደ ማለት ነው። እዚህ አገር እንቅፋት ሲመታህ ፖሌ፣ ስታስል ፖሌ፣ ዝናብ ቢያበሰብስህ ፖሌ ይሉሃል። ምንም ያልበደሉኝ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሉኝን ያህል የበደሉኝ ሁሉ ተሰብስበው በዕድሜ ልካቸው አላሉኝም።

ናይሮቢ ብርዷ የኮልፌን ሐምሌ ታስታውሰኛለች። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ገንፎ ነው፣ ግን መሐሉ ጉድጓድ የለውም፣ ቅቤም አይጎበኘውም፤ ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ሻያቸው ወተት ውስጥ የተነከረ ሻይ ነው። ማታቱ የሚባለው ታክሲያቸው ሙዚቃው ከሞተሩ ይበልጣል። ሥራ ያገኘሁት አንድ ያገራችን ሰው ብየዳ ቤት ነው፤ የምሠራውም የመስኮት ፍርግርግ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ከፍሎ ራሱን በብረት ያሳጥራል። እኔ ያንን በነጻ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ሥራዬ ላይ እንከን የሚያወጣልኝ የለም።

አከራዬ ማማ ዋንጂኩ ይባላሉ። ቤቱን ሳይሰጡኝ በፊት፣ ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተግባባን፣ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ጠየቁኝ።

"የለኝም። ታስሬ ነበር።"

"ምን አድርገህ?"

"ምንም።"

"ምንም አድርገህ ነው?" አሉና አሰቡበት። "እንግዲያው እዚህም ምንም አታድርግ። ፖሌ። ቁልፉ ይኸው።"

በመጀመሪያው እሁድ የሠራሁትን ወጥ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። የሚቀምስልኝ ሰው ስለሌለ ምግቤ እየቀዘቀዘ መብላት አቅቶኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ቢያቅተኝ በምልክት ሳህኑን ወደሳቸው ገፋሁላቸው። ማማ ዋንጂኩ ተቀመጡ፤ ግማሹን በሉት። "ይሄ ባህላችሁ ደስ ይላል" አሉኝ እጃቸውን እየታጠቡ። ከዚያ ወዲህ እሁድ አይቀሩም፤ እኔም እጥፍ መሥራት ጀመርኩ።

በዚህ ሁሉ መሐል እማዬ በደወለች ቁጥር መጨረሻው አንድ ነው። "እትዬ በለጡ እየደከሙ ነው። ሳይቆርቡ ቢሞቱ በኔና በአንተ ነው።" "በኔ ለምን?" ስላት "ከሳቸው አፍ እስኪወጣ የምትጠብቀውን አንተ ብትቀድም ምን አለበት?" ትለኛለች። አለበት። እንዴት እንዳለበት ግን ለእናት አስረድቶ የጨረሰ ሰው አላየሁም።

ያለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ሰው ለንግድ ሲመጣ እማዬ ሽሮ ላከችልኝ። እሁድ በሽንኩርት አቁላልቼ ሠራሁት። ማማ ዋንጂኩ ቀመሱ፤ ፊታቸው ትንሽ ተኮማተረ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ጎረስኩ። ሁለተኛውን ጉርሻ ግን ማንሳት አቃተኝ።

አብሽ በዝቶበታል። የእማዬ ሽሮ አብሽ አይበዛበትም። ይሄን ምሬት አውቀዋለሁ።

በታሰርኩ በሁለተኛው ክረምት እማዬ ጭቃ አንሸራቷት እግሯን ተሰብራ ነበር። ያን ክረምት ሁሉ ስንቄ ሳይቋረጥ ይገባልኝ ነበር። አምጪው ግን ሊጠይቀኝ አይገባም፤ በር ላይ ሰጥቶ ይመለሳል። "የሰፈር ሰው ነው" ተባልኩ። ሽሮው አብሽ ስለሚበዛበት የክፍሌ ልጆች "እናትህ ተቀይማሃለች" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እየቀለዱም አንድ ላይ ጠርገን እንበላው ነበር።

ወዲያው ደወልኩ።

"እማዬ፣ ይሄ ሽሮ የማን ነው?"

"ምነው፣ አልጣፈጠህም?"

"እግርሽ የተሰበረ ክረምት ስንቅ የሚያመላልስልኝ ማን ነበር?"

የኮልፌ ውሻ ሲጮህ በስልኩ ይሰማኛል። "ብነግርህ ትበላ ነበር?" አለችኝ።

"አልበላም ነበር።"

"እሱን ፈርቼ ነዋ።"

"ስጪኝ እሳቸውን።" አጠገቧ እንደነበሩ ሳላቸው ነገረኝ።

"እንደምን ነህ ልጄ?" አሉ እትዬ በለጡ።

"እትዬ፣ በሩ ላይ ያስቀምሱዎት ነበር?"

"በየጊዜው። ፖሊሱ እስኪለምደኝ ድረስ።"

"ሌባ ነው ብለው መስክረው ሲያበቁ ስንቅ ማመላለስ ምን የሚሉት ነው?"

"ያን ቀን ያየሁት ጃኬቱን ነው፣ ታደለ። ፊት አላየሁም፤ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ዳኛው 'ፊቱን አይተሻል?' ሲሉኝ፣ አላየሁም ብል ውሸታም የምባል መሰለኝና አይቻለሁ አልኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትህ እግሯ ሲሰበር እኔ ልውሰድ አልኩ።"

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይኸው መጣ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ንድድ ነው ያልኩት። ያበላኝ እጅና ያሳሰረኝ እጅ አንድ መሆኑ አቃጠለኝ። "እዚያ ፖሊስ ፊት ቆመው ምግብ ሲቀምሱ፣ ባንዱ ቀን እንኳን ይሄን አይነግሩትም ነበር?" ብዬ ጮህኩ።

"ፈራሁ" አሉ። "ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። በድዬሃለሁ።"

እንባዬ ወረደ። ማማ ዋንጂኩ አማርኛውን ባይሰሙም ትከሻዬን ያዝ አደረጉና "ፖሌ፣ ፖሌ" አሉ፤ በዚያው እጃቸውን ሰደድ አድርገው አንድ ጎረሱ።

"ታዲያ" አሉ እትዬ በለጡ በደከመ ድምፅ፣ "የነፍስ አባቴን ምን ልበላቸው?"

ሳህኑን አየሁት። ከፊሉ አለ። ቆረስኩ፣ አጣቀስኩ፣ ጎረስኩ። መረረኝ። ዋጥኩት።

"ገና እየቀመሰ ነው ይበሏቸው" አልኩ።