የማለዳ ሚስኮል

እናቴ ዓሣ ቤት የከፈተችው ማስታወቂያ የሚባል ሥራ መኖሩን ሳትሰማ ነው። ወሎ እያለች ጠላ የሚሸጥ ሰው በሩ ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ ሲደፋበት አይታለች። ጋምቤላ ከተማ ባሮ አጠገብ ዓሣ መጥበስ ስትጀምር እሷም ረጅም እንጨት ተክላ ነጭ የብረት ሳህን ሰቀለችበት። ሳህኑ ከተሰቀለ ዓሣ አለ፣ ከወረደ የለም። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም፣ አማርኛ የሚያውቀውም የማያውቀውም ገባው። በድልድዩ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና ሆዱ እንዳዘዘው ወይ ይታጠፋል ወይ ያልፋል። ለብዙ ዓመት ከዚህ የተሻለ ነገር አላስፈለገንም።

ከዚያ ክልል ሆንን። ክልል ቢሮ ይፈልጋል፣ ቢሮ ደግሞ ግድግዳ ይፈልጋል። ከግድግዳዎቹ አንዱ በእኛና በድልድዩ መንገድ መሃል ቆመና ሳህናችንን ጋረደው። የምን ቢሮ እንደነበር አልናገርም፤ የንግድ ማስፋፊያ እንዳልነበር ግን ከእኛ ወገን ሆኖ ላየው ግልጽ ነበር። እናቴ ረዘም ያለ እንጨት አስቆርጣ ሳህኑን ከፍ አደረገችው። እነሱም ሁለተኛ ፎቅ ጨመሩ። ከመንግሥት ጋር በቁመት መፎካከር እንደማያዋጣ ያኔ ገባን።

ጋምቤላ ላይ ዓሣ ሰው አይጠብቅም። ዓሣ የሚያመጣልን አጥማጅ እዚያው ባሮ ዳር የተወለደ አኝዋክ ነው። አማርኛውን ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን የለቀመ፣ ካስፈለገው ቃል በላይ የማያወጣ ሰው ነበር። ጎህ ሲቀድ ታንኳውን አስጠግቶ ቆሮሶውንና አምባዛውን ያራግፋል። ከእኩለ ቀን በኋላ ያ ዓሣ ዋጋ የለውም። ማቀዝቀዣ ነበረን፤ መብራቱ ስለማይበረክት እናቴ ብርጭቆ ትደረድርበታለች። አጥማጁ ሲመሽ ተመልሶ ያልተነካውን ዓሣ ያይና፦

«እማማ፣ ዓሣ ብዙ ነው። ሰው የት አለ?» ይላል።

 እናቴ የተበላሸውን አውጥታ ስትደፋ አባ ኮዳዎቹ ይበሉታል። እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች አጥር ሥር ተሰልፈው፣ ማዕድ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙ ይመስላሉ። በዚያ ዓመት ከእነሱ የበለጠ ታማኝ ደንበኛ አልነበረንም።

እናቴን ያሳሰባት ግን ገበያው ብቻ አልነበረም። በሰፈራው ዘመን ከወሎ ስትመጣ ከአባቴና ከእኔ ሌላ ዘመድ አብሯት አልመጣም። አባቴ አቦቦ አጠገብ በሰፈርንበት መንደር ሞተ። መንደርተኛውን ሁሉ ወባ አጋድሞት ስለነበር ሬሳው ተሸካሚ አጥቶ ዋለ። እናቴ ራሷ አንዱን የቃሬዛ እግር ይዛ ባሏን ቀበረች። ይህን ደጋግማ አታወራም፤ ስታወራው ደግሞ ድምፅዋ አይለወጥም። ወደ ከተማ መጥታ ዓሣ ቤት ስትከፍት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዓሣው ሰበብ ነበር፤ የምታጠራቅመው ሰው ነው። ስለዚህ ማታ ላይ «ዛሬም ሰው ሳይመጣ ዋለ» ስትል ስለ ምሳ ብቻ እንደማታወራ አውቅ ነበር።

እኔ ያኔ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና ተዘጋጀ ሲባል እናቴ «ዓሣ ለመጥበስ ምን ሥልጠና ያስፈልገኛል፣ አንቺ ሂጂና ሻዩን ጠጪ» ብላ ላከችኝ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ነው፤ ገና «እንደምን አደራችሁ» ሳይል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ ስለ ኢሜይልና ስለ ድረ ገጽ ነገረን። «ድረ ገጽ ያለው አለ?» ሲል አንዲት ማር ሻጭ ምን እንደሆነ ልትጠይቅ እጇን አወጣች። እሱ ያላት መስሎት አስጨበጨበላት። ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወችው።

አንድ ነገር ግን ይዤ ወጣሁ። «ደንበኛው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በስልክ ያለበት ድረስ ሂዱ» ብሎ ነበር። ሞባይል ጋምቤላ ከገባ ገና አጭር ጊዜው ነው። ያላቸው ሰዎች ወገባቸው ላይ እንደ ሽጉጥ ታጥቀውት ይዞራሉ። ሳስበው፣ እነዚህ ባለሞባይሎች ሳህኑ ሲጋረድ የጠፉብን ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፦ የቢሮ ሰዎች፣ ሾፌሮች፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች። እኔም እንደምንም ብዬ ሲም ካርድ አገኘሁ። እየዞርኩም «ዓሣ ሲመጣ በስልክ እናሳውቃችሁ» እያልኩ ቁጥራቸውን ጠየቅኩ፤ የራሴንም አስያዝኳቸው። ቁጥር መጠየቅ ያኔ ክብር ነበር። አንዳንዱ ሰው ይስማልኝ ብሎ ጮክ አድርጎ ነገረኝ።

ደውሎ ማውራት ያስከፍላል። ደግሞ በእኛ አገር ማንም ሰው ስልክ አንስቶ «ዓሣ መጥቷል» ብቻ ብሎ አይዘጋም። ጤናው፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ፣ የከብቱ ሁኔታ ሳይጠየቅ ቢዘጋ ጠብ ነው። ስለዚህ ሚስኮል አደርጋለሁ፣ የእኔን ቁጥር ሲያዩ ዓሣ መምጣቱን ይረዳሉ አልኩ። በሐሳቡ ኮርቼ ነበር፤ ለማንም ግን አላብራራሁም። የሚብራራ ነገር ያለው አልመሰለኝም።

በማግስቱ አጥማጁ ታንኳውን እንዳስጠጋ ግቢያችን ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሄድኩ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው፤ ያውም በርጩማ ላይ ለቆመ። ጎህ እየቀደደ ነበር። አንድ በአንድ እየደወልኩ፣ ጠራ ሲል ዘጋሁ።

ወሎ ተወልጄ፣ መርዶ ስንት ጊዜ ሲነገር አይቼ እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ ሰው ለሰላምታ አይመጣም። በዚያ ሰዓት የሚደውል፣ ደውሎም ቃል ሳይተነፍስ የሚዘጋ ሰው ደግሞ እንባ አላናግር ብሎት ነው። ስልኩ የጠራበት ሁሉ ቁጥሩን አየና «የዓሣ ቤቷ ልጅ ናት፤ እናቷ!» አለ።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት የቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ተከትሏት አንድ ሾፌር ገባ። ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነው ሰውዬ መጣ። ይህ ሰው የቤታችን ሎሚ ውኃ የለውም ብሎ ስለሚያምን ሁልጊዜ የራሱን ሎሚ በኪሱ ይዞ የሚዞር ነው። ከዚያ ሌሎቹ ጎረፉ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ።

እናቴ ጓሮ ቆሮሶ እያጸዳች ነበር። ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ ስትል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቤቷን ሞልተውታል። ሞታለች ብለው የመጡላት ሴት በእግሯ ቆማ ስላዩዋት እነሱም ደነገጡ። በእሷ በኩል ግን ነገሩ ያለቀ ነበር፦ ወሎ ያለው ወንድሟ ሞቶ ሊያረዷት መጥተዋል። ቢላዋዋን ወርውራ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። እነሱም የሞተው ወንድሟ እንደሆነ ከእሷ ሰሙና፣ ጊዜ ሳያጠፉ አብረዋት አለቀሱ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስሙን ሳታውቀው ደረቷን መታችለት።

ጩኸቱን ሰምቼ ከበርጩማዬ ወርጄ ሮጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የደወልሽልን?» አለ የአውሮፕላን ማረፊያው ሰውዬ፣ ዓይኑን እያበሰ።

«ዓሣ መጥቷል ልላችሁ ነው።»

 አጥማጁ አምባዛውን በስንጥቡ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ያየ እሱ ብቻ ነበር።

«ዓሣ ነው የሞተው» አለ። «ሰው አልሞተም።»

 ከዚያ የአውሮፕላን ማረፊያው ሰውዬ ኪሱን ዳበሰና ሎሚውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ ከመጣን» አለ። በዚያ ማለዳ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ጥብስና ለብለብ በላ። አባ ኮዳዎቹ ሲጠብቁ ዋሉ፣ የደረሳቸው አጥንት ብቻ ነው።

እናቴ የምትጣላኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ በሩን ስታይ ቆየች።

«እኔ ሞትኩ ብለው ነው የመጡት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«መጡ እኮ!» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። ሰው የራሱን ለቅሶ አይቶ እንዲህ ደስ ሲለው ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ሚስኮሉ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ወሬው ራሱ ከተማውን አዳረሰ። ስልክ ጎህ ሲቀድ ሲጮህ የሚደነግጥ ቀረ። ሚስቶች ባሎቻቸውን «ተኛ፣ ዓሣ ነው» ማለት ጀመሩ። በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንኳ የሚካሄደው ዓሣ እየበሉ እኛ ቤት ሆነ። ቦታ እየጠፋ ማንጎው ሥር አግዳሚ ጨመርን። አባ ኮዳዎቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቄራው ሄዱ።

አንድ ቀን ቅርፊት እየፋቅን እናቴ በድንገት፦

«ልጄ፣ የመርዶን ሰዓት ለዓሣ ሰጠሽው። እኔ የሞትኩ ዕለት በምን ልትጠሪያቸው ነው?» አለችኝ።

«ያኔ ሁለቴ እደውላለሁ» አልኳት።

«እንዳትረሺ። ሰው ሳይመጣ እንዳታስቀብሪኝ።»

እኔ ለጨዋታ ነው የተናገርኩት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ለደንበኞቹ ነገሩን አልነገርኳቸውም። «እናቴ ስትሞት ሁለቴ ይጠራል» ብሎ ማስታወቅ ለገበያ አይመችም።

በአንድ ክረምት ወባው በረታባትና ጎህ ሲቀድ ሞተች። የእድሩ ጡሩምባ ለሰፈሩ ተነፋ፤ የሩቁን ሰው የሚጠራው የእኔ ስልክ ብቻ ነው። ማንጎው ሥር ሄጄ በርጩማው ላይ ወጣሁ። ለእያንዳንዳቸው ሁለቴ ደወልኩ። አንዳንዶቹ በሁለተኛው አነሱት። «ሄሎ?» ሲሉ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣ አለኝ፣ ዘጋሁት። ሰው ደውሎ ሳይናገር የሚዘጋው ለምን እንደሆነ ያኔ በራሴ ደርሶ አየሁት።

ማንም አልመጣም። ጎረቤቶች ድንኳን ተከሉ። አጥማጁ ዓሣውን ታንኳው ውስጥ ትቶ፣ አካፋ ተቀብሎ ወደ መቃብሩ ቦታ ሄደ። ረፋድ ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት የሰፈር ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ግማሹ አቅም ያጣ ሽማግሌ ነው። አባቴ ትዝ አለኝ፣ ያ ቃሬዛ ትዝ አለኝ። ዓሣ የለመደ ሰው እንዴት ብሎ መርዶ ይሰማል እያልኩ ራሴን ረገምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ባጃጅ፣ ከዚያ የሾፌሩ መኪና መጣ። እየተሳሳቁ ነው የሚወርዱት። ለካ ሁለቴ ሲጠራ ዓሣው የተትረፈረፈ መስሏቸዋል። ስለዚህ የምሳ ሰዓት ጠበቁ፤ ብቻቸውንም አልመጡም። ሾፌሩ ወደ አቦቦ ይመለሱ የነበሩ የሰፈራ ሰዎችን ጭኖ መጥቷል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ክፍሏን በሙሉ አስከትላለች። የአውሮፕላን ማረፊያው ሰውዬ በዝናብ በረራቸው የቀረባቸውን መንገደኞች «ጋምቤላ መጥታችሁ የእማማን ዓሣ ሳትበሉ አትሄዱም» ብሎ አምጥቷቸዋል።

ግቢው በር ላይ ድንኳኑን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። የተመለሰ ግን የለም። ነጠላ ያላት አዘቀዘቀች። ፕሮቴስታንቶቹ በአንድ ወገን ሆነው ዝማሬ ጀመሩ፤ ሙስሊሞቹ ሬሳውን ለመሸከም ቀድመው ተነሡ። መንገደኞቹ እናቴን በስም እንኳ አያውቋትም፤ ቦርሳቸውን ጥግ አስቀምጠው ተሰለፉ። ሬሳው ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበለ ሄደ። ቶሎ አምጣ፣ ለእኔም ይድረሰኝ የሚል ነበር።

አጥማጁ ጭቃ እንደለበሰ ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚመጣውን ሕዝብ አየ።

«እማማ፣ ሰው ብዙ ነው» አለ ወደ ሬሳው።

ቀብሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እጄን እየጨበጠ አጽናናኝ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሰውዬ ፊቱ እንባ በእንባ ሆኖ መጣ። «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሲለቀኝ መዳፌ ውስጥ አንድ ሎሚ ቀረ። ከባጃጁ ሲወርድ እንደጨበጠው፣ መያዙንም ሳያውቅ፣ እናቴን ቀብሮልኝ ነበር።