ምንም አልጎደለውም ያልኩት የነፋስ ፓምፕ

የንስሐ አባቴ ይህን ሳይሰሙ አረፉ። ሌላ ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም የሻርኩበትን፣ ከወንድሜ ጋር በወሰን የተጣላሁበትን፣ ሰው በአደባባይ ያዋረድኩበትን። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለሚስቴም፣ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ፈርቼ አይደለም፤ እኔ ፈሪ ሰው አይደለሁም። የተናገርኩ ቀን ስሜ አብሮ እንደሚወድቅ ስለማውቅ ነው። እንግዲህ አንተ ስማኝ። ስማኝ እንጂ አታባብለኝ።

በደርግ ጊዜ ዳባት ላይ የውሃ ሞተር ኃላፊ ነበርኩ። ከጉድጓዱ ውሃ ስቦ ወደ ቦኖው የሚያደርሰውን የናፍጣ ሞተር የማስነሣውም፣ ሲታመም የማድነውም እኔ ነኝ። ሙያውን ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ተምሬዋለሁ። ኩራት ከሆነም ይሁንብኝ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ሞተርን በጆሮው ብቻ የሚመረምር እንደኔ ያለ ሰው አልነበረም። መኪና የተበላሸበት ሾፌር ደባርቅ ቆሞ ሰው ይልክብኝ ነበር። ታከለ ይሠራል ካለ ይሠራል፤ አይሠራም ካለ ማንም ደግሞ አይሞክረውም።

ናፍጣው ግን በእጄ አልነበረም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ነዳጁ ለጦሩ ነው በተባለ ቁጥር ሞተሬ ይቆማል። ያኔ ሴቶቹ እንስራ አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። ሽቅብ ሲመለሱ በደጄ ያልፉና፣ “አያ ታከለ፣ ዛሬም አልተነሣም?” ይሉኛል። እኔ ያጠፋሁት ያህል ያንገበግበኝ ነበር።

የፊዚክስ መምህሩ ይርዳው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ። አንድ ቀን ሞተር ቤቴ ድረስ መጣ።

“አያ ታከለ፣ ይህ ሁሉ ነፋስ በከንቱ ይነፍሳል። ናፍጣ አይጠይቀን፣ መንገድ ተዘጋ አይለን። በነፋስ የሚዞር ፓምፕ አብረን እንሥራ።”

“ነፋስ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል” አልኩት። “ሕዝቡ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው ውሃ የሚጠጣው?”

“ማጠራቀሚያ እንሠራለታለን። ሲነፍስ ይሞላል፣ ሲቆም ከዚያ ይቀዳል።”

“ቢቆምስ ግድ የለም። እኔ የምፈራው ሲበረታ ነው።”

ሳቀ። ወጣት ነው፤ የኛን ነፋስ መቼ ያውቀዋል? እኔ ግን ኮሶዬ ዳገት ላይ ነፋሱ የጭነት መኪና አስቁሞ ሾፌር ሲያስወርድ አይቻለሁ። ጥርጣሬዬ ንጹሕ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። ኃጢአቴ መጠራጠሬ አይደለም። ይህን እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የተበላሸው በከተማው ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ የይርዳውን ሐሳብ አመሰገነና ወደ እኔ ዞሮ፣ “እንግዲህ ጓድ ታከለም ከነሞተሩ ጡረታ ይውጣ!” አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይርዳው አልሳቀም፤ አንገቱን ነው የደፋው። እኔ ግን የዚያን ሁሉ ሰው ሳቅ በእሱ ላይ ቆጠርኩበት።

ይርዳው ከአንድ አናጢ ጋር ሆኖ የባሕር ዛፍ ማማ አቆመ። ክንፎቹን ከበርሜል ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ከወደቀ መኪና ባወጣው ብረት ላይ አሰራቸው። ሊመረቅ ሲቃረብ አስጠራኝ። ሄድኩ። ማማውን ዞርኩት፤ ቀና ብዬ አንዴ አየሁ፤ ወዲያው ገባኝ። ፍሬን የለውም። ነፋስ ሲበረታ ክንፎቹን የሚያቆምለት ወይም ከነፋሱ ፊት የሚያዞርለት አንዳች ነገር የለም። በደኅናው ነፋስ ይሠራል፤ ኃይለኛ የመጣ ቀን ይበታተናል። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ላበጀውም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

“እስቲ ይዩት አያ ታከለ” አለኝ ይርዳው። “ከእርስዎ ዓይን የሚያመልጥ የለም። የጎደለው ነገር አለ?”

“ምንም አልጎደለውም” አልኩት።

ይኸው ነው። ይህን ነው ያደረግኩት። ዝም ብዬ ብሄድ ኖሮ ተቀይሞ ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ተጠየቅሁ፣ አየሁ፣ አውቄ ዋሸሁ። ለምን? ሞተሬን ወድጄ ነው? አይደለም። ነፋስ አይታመንም ብዬ ነበርና ነፋሱ እንዲመሰክርልኝ ፈልጌ ነው። ልክ መሆኔን ከሰው ደኅንነት አስበለጥኩ።

በምረቃው ቀን ውሃው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት ባልቴት፣ “እፎይ በል እንግዲህ አያ ታከለ፣ ከእኛ ወቀሳ ተገላገልክ” አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው በደጄ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫፍ ሆነ፤ ዛሬ ይበረታ ይሆን እያልኩ። ለነፋስ ስለት የሚሳል ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነበርኩ።

በየካቲት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛው ነፋስ መጣ። አቧራው መንገዱን ሸፈነው፤ የክንፎቹ ጩኸት ሞተር ቤቴ ድረስ ተሰማኝ። ሮጬ ስደርስ ይርዳው ገመድ ይዞ ማማው ላይ ወጥቷል፤ ሊያስረው ነው። “ውረድ! ይርዳው፣ አትጠጋው!” ብዬ ጮህኩ። ያኔ እውነቱን ተናገርኩ፤ ማን ይስማኝ? አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ ቀኝ ክንዱን መታው። በገመዱ ተጠላልፎ ተንጠለጠለ። ወጣሁ። ማማው እየተወዛወዘ፣ ቆርቆሮው በራሴ ላይ እያፏጨ ወጣሁና አዝዬ አወረድኩት። ሌላ ማንም አልደፈረም። በዚህም እኮራለሁ፤ ለምን እዋሽሃለሁ?

እሱ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኮሚቴ ተቀመጠ። የሕዝብ ንብረት ወድሟል፤ አሻጥር ነው ወይስ ስሕተት? በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ዕጣው ምን እንደነበር ታውቃለህ። እኔን ጠሩኝ።

“ጓድ ታከለ፣ ከምረቃው በፊት አይተኸው ነበር። ጉድለቱ አልታየህም?” አለ ሊቀመንበሩ።

“አልታየኝም።”

“ላንተ? ለታከለ?”

“ለእኔ። ለእኔ ያልታየኝ ለእሱ ከየት ይታየዋል? ስሕተት ነው እንጂ አሻጥር አይደለም።”

በዚህ ዳነ። ሰዉም፣ ታከለ ለመምህሩ ሲል ስሙን አዋረደ እያለ አከበረኝ። እውነቱን ብናገር እሱም ይድን ነበር፤ የምታሰረው እኔ ነበርኩ። አየህ፣ ያው ውሸት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁት።

ልጠይቀው ሆስፒታል ሄድኩ። ክንዱ ከክርኑ በታች አልታዘዝ ብሎታል። “አይዘኑ አያ ታከለ” አለኝ። “እርስዎንም ያሳሳተ ነገር ነው፤ እኔማ ምን አውቄ።”

ያኔ ልናገር ነበር። በጸጸት መስሎህ? ታከለ ተሳሳተ መባሉ አንጀቴን አቃጥሎት ነው። “እኔ አልተሳሳትኩም፤ አይቼዋለሁ!” ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጣ። ትዕቢቴ ሊያናዝዘኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ዋጥኩት። ብርቱካኑን ከራስጌው አስቀምጬ ወጣሁ። ማማው ፈረሰ፤ ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ሴቶቹ ወንዝ መውረዳቸውን ቀጠሉ፤ ከነፋስ ውሃ አለ የሚል ሰውም ዳባት ላይ ዳግም አልተነሣ።

ይርዳውን ከዳባት ከተዛወረ ከዓመታት በኋላ ጎንደር መናኸሪያ አገኘሁት። በግራ እጁ አቅፎ ሳመኝ። በግራው ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለምዷል። አጠገቡ ለቆመችው ሚስቱ፣ “ሁልጊዜ የምነግርሽ አያ ታከለ እኚህ ናቸው። ከማማው ያወረዱኝ፣ ከእስር ያተረፉኝ” አላት። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። አልከለከልኳትም።

ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ይቅር የሚለኝ ይርዳው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚምረው በደል መኖሩንም አያውቅም።