መንገድ ላይ ነች

እዚህ አሜሪካ፣ ሲታክ ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ስንቱ ሽታ ያልፍብኛል፤ ባለፈው ሳምንት ግን ከአንዲት ሕንዳዊት አሮጊት ፀጉር የመጣው የኮኮናት ዘይት ሽታ እግሬን ያዘኝ። አሰላ ከተማ ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊው ሚስተር ቶማስ እንዲህ ነበር የሚሸቱት። ብርዱን ፈርተው ሁለት ካፖርት ይደርባሉ፤ ብቅ የምትለው ጠመኔ የያዘች እጃቸው ብቻ ናት። ስም ሲጠሩ ላረፈደች ልጅ "ቀሪ" ብለው አይጽፉም፤ እስክርቢቷቸውን አንስተው ዝም ብለው ያዩናል፣ አንድ ፍሬ ልጆች በአንድ ድምፅ "መንገድ ላይ ነች!" እንላለን፣ እሳቸውም ቦታዋን ክፍት ይተዋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያቺ አርፋጅ እኔ ነበርኩ።

በምሳ ሰዓት ሰሌዳው ላይ ኮሌጅ ይሥሉ ነበር፤ አገራቸው ገብተው በአባታቸው ማሳ ላይ ሊሠሩት የሚመኙትን። መስኮቶቹን የምቆጥርላቸው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያዋ ተማሪ አንቺ ነሽ ይሉኝ ነበር። እውነትም ሠሩት። የአንዲት ባለቆርቆሮ ክፍል ፎቶ ላኩልኝ፣ ስሜንም መዝገቡ ራስ ላይ ጽፈውታል። ይጠብቁኝ ብዬ መለስኩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቪዛ ተመታልኝ። ቀረሁ ብዬ ለመጻፍ አፈርኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ዕድሜዬ አለቀ።

አብራት የምትሄደው የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስትሰማ ፊቷ በራ። የተማረችበትን ኮሌጅ የመሠረቱት መምህር ኢትዮጵያ አስተምረዋል አለችኝ። ዛሬ ሦስት ፎቅ ሆኗል፣ ነርስ ያስመርቃል፣ የራሱ አውቶቡሶች አሉት። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠራ አንድ ስም አለ። ስሙን ስትነግረኝ፣ አፏ ላይ ቢሰባበርም፣ የኔው ነበር። አቤት የሚል የለም፤ ተማሪው ሁሉ ተነስቶ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ይመልሳል፦ "መንገድ ላይ ነች!" ሰውየውም እስኪሞቱ ድረስ በዚያች ሰዓት በሩን ያዩ ነበር።

ትርጉሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"ታዲያ ደረሰች?" አለችኝ።

ደረቴ ላይ ያለውን የስም ባጄን በእጄ ሸፈንኩና "እኔ እንጃ" አልኳት።

መኪናቸው ውስጥ አስገብቻቸው ስመለስ ስልኬ ጠራ፤ ሥራ የሚመድበን ልጅ ነው። "እትዬ አስካለ፣ የት ደረሱ? ጌት ላይ ፒክ የሚያደርጓቸው ሴትዮ እየጠበቁ ነው እኮ!"

"መንገድ ላይ ነኝ" አልኩት፣ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ። ወደ ሚስተር ቶማስ አገር የሚያደርሱ አውሮፕላኖች በየቀኑ ዓይኔ እያየ ይነሳሉ። ዛሬ ብሳፈር እንኳ ስሜን ጠርተው በሩን የሚያዩት ሰው የሉም።