መርሲ

ወልድያ መናኸሪያ ነኝ። ረዳቱ «መርሳ! መርሳ!» እያለ ሲጣራ ሳቄ መጣ።

በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን መርሳ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው እናቴ በሕይወት መኖራችንን እንኳ አታውቅም ነበር። መስመሩ በተመለሰ ቀን ብርቱካን እየላጥኩ ሳለ የአያቴ ስልክ ጮኸ። በሚያጣብቅ እጄ አነሳሁት። በጫጫታ መሃል የእናቴ ድምፅ «መርሲ! መርሲ!» ሲል ሰማሁ።

«አባዬ፣ እማዬ መርሳ ደርሳለች!»

አያቴ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጋቢያቸውን አነሱ። ሊቀበሏት ወደ አስፋልቱ ሊወጡ መሆኑን ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ስነግራት እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። «ኧረ አባዬ፣ ይቀመጡ! ስልክ ያዋሰችኝን ሴት እያመሰገንኩ ነው። እዚህ መርሲ ማለት አመሰግናለሁ ነው።»

«አረቦቹ ሹክረን አይሉም እንዴ?» አሉ አያቴ።

«ይላሉ እንጂ። ድሮ ፈረንሳዮች ይገዟቸው ነበር። እነሱ ሄዱ፣ ቃላቸው ቀረ።»

አያቴ ከት ብለው ሳቁ። «ከአገር ወጥተው ከምላስ አልወጡም በይኛ! አንቺ ግን ምላስሽን እንደያዝሽ ነይልን።»

ታናሽ እህቴ ሮጣ ምላሷን በመስታወት አየች። ብርቱካን እንጂ ፈረንሳይ አላገኘችም።

የአያቴ ቀልድ በደንብ የገባኝ ዘንድሮ ነው፣ እዚህ ወልድያ መምህራችን ስለ ቅኝ ግዛት ሲያስተምሩን። እናቴ ደግሞ ትናንት ጠቅልላ ገብታለች፤ አሁን ቤት ሆና እየጠበቀችኝ ነው።

ረዳቱ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

«መርሲ» አልኩት።

«አዎ፣ መርሳ ነው፤ ግቢ!»